ውኃ የሚያቀብል ሰው

ኅዳር 12 ቀን ነው፤ ረፋድ። ጉለሌ ውስጥ የየደጁ ጥራጊ ከማለዳ ጀምሮ ሲቃጠል አርፍዶ ጭሱ ገና ከሰፈሩ አልለቀቀም። ልጅቱ መስኮቱን ልትዘጋ ስትነሳ የሰማንያ አንድ ዓመቷ እናቷ ከለከሏት። «ተዪው፣ ይግባ። የዛሬ ጭስ አይገፋም።»

ቤቱ ውስጥ አራት ሰው ተቀምጧል። እናት አሉ። ከሰባት ዓመት በኋላ ከሜሪላንድ የመጣው ትልቁ ልጃቸው አለ፤ ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ አልፎ አልፎ ያስለዋል። እናቷን ይዛ እዚሁ የኖረችው ታናሽ እህቱ ቡና ትቆላለች። አራተኛዋ ሰፈሩ በሙሉ «ሲስተር» የሚላት ጎረቤት ነርስ ናት። በኮሮና ጊዜ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ሠርታለች።

ወሬውን ያመጣው ጭሱ ነው። ኅዳር ሲታጠን መነሻው የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ መሆኑን ልጁ ያውቃል፤ እናቱ ከእናታቸው የሰሙትን ግን ረስቶታል።

«እናቴ ያኔ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች» አሉ። «ቤት ውስጥ ስድስት ሰው ሲወድቅ እሷ ብቻ ቆማ ቀረች። ምን ትል ነበር መሰለህ? ‹ስንቱን የገደለው በሽታው መሰላችሁ? ጥም ነው› ትል ነበር። ትኩሳት ያቃጠለው ሰው ውኃ፣ ውኃ ይላል። የሚያቀብለው የለም። እዚህም ቤት ተኝተዋል፣ እዚያም ቤት ተኝተዋል። እሷ በቅል እየቀዳች ከቤት ቤት ስትዞር ሰነበተች። የተረፈው በዚያ ነው የተረፈው።»

የእናቲቱ ወግ ከታሪኩ ጋር አይጣላም። ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ በዚያ ኅዳር አዲስ አበባን ሲመታ በከተማዋ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ የሟቹ ቁጥር ወደ ሺዎች ወጣ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው በጽኑ ታመው ነው የተረፉት። ያ በሽታ ግን ከሌላው ሁሉ የሚለይበት አንድ ጠባይ ነበረው፤ በዓለም ዙሪያ ብዙ የቀጠፈው ከሃያ እስከ አርባ ዓመት ያለውን ጎልማሳ ነው።

«የ2012ቱ ተገላቢጦሽ ሆነ» አለች ሲስተር። «ወጣቱ ሳይታወቀው ይዞት ይዞራል፤ ቤት የተቀመጠችው እናቱ ላይ ይጸናል። ያኔ ልጅና ሽማግሌ ነበር ውኃ አቀባዩ። አሁን ለሽማግሌው ማን ያቀብል? የሚያቀብለው ሰው እኮ ራሱ በሽታውን ይዞ የሚገባው ነው። ጭንቁ እዚያ ላይ ነበር።»

ልጁ ስኒውን አስቀመጠ። «እኔ ባለሁበት ውኃም ነበር፣ አልጋም ነበር፣ ኦክስጅንም ነበር። የጠፋው ሰው ነው።»

ሥራው ነርሲንግ ሆም ውስጥ ነው። አረጋውያንን ያጥባል፣ ያለብሳል፣ ያጎርሳል፤ በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ በዚህ ሥራ የሚተዳደር ሐበሻ ብዙ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ለእሱ ሁለት ጊዜ የመጣ ቀን ነው። «ተነስቼ ስልኬን ስከፍት አዲስ አበባ የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ ይላል፤ ከቡርኪና ፋሶ የገባ ጃፓናዊ። በዚያው ቀን ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት በመላ አገሪቱ ነርሲንግ ሆም ጠያቂ እንዳይገባ መመሪያ አወጣ። ከሁለት ሳምንት በፊት በዋሽንግተን ግዛት ኪርክላንድ የምትባል ከተማ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ቤት በሽታው ገብቶበት የሆነውን ሁሉም አይቷል። መዝጋታቸውን አልፈርድባቸውም።»

ትንሽ ዝም አለና ቀጠለ። «አንዲት ሴትዮ ነበሩ። ልጃቸው በየቀኑ በምሳ ሰዓት እየመጣች ታበላቸው ነበር። ከተዘጋ በኋላ በመስኮቱ መስታወት በኩል ቆማ እጇን ታወዛውዝላቸዋለች። ‹ለምን አትገባም? ምን አድርጌያት ነው?› ይሉኛል። የመርሳት በሽታ ስላለባቸው በየቀኑ አዲስ ነገር ነው። እኔ ታብሌቱን ይዤላቸው እቆማለሁ፤ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ አይገባቸውም። ቀስ በቀስ እህል ጠሉ። በተመረመሩ ቁጥር ከኮሮና ነፃ ናቸው። ሰኔ ላይ አረፉ።»

ጀበናው እስኪፈላ ድረስ የተናገረ የለም።

በአሜሪካ በመጀመሪያው ዓመት በኮሮና ከሞተው ሰው ሲሶው ያህል ከእንዲህ ዓይነት መኖሪያዎች ጋር የተያያዘ ነበር። ልጁ በየምሽቱ ወደ ጉለሌ ሲደውል ዓይኑ ላይ ያለው ይህ ነው። «ማንም አይግባ። ቡና ይቅር። ቤተ ክርስቲያን ይቅር። ልጆቹ እንዳይስሟት» ይላል፤ ደግሞ ይላል።

«ጋሼ፣ አንተ ያየኸውን አይተህ ነው የምትደውልልኝ» አለች እህቱ። «እኔ ስልኩ ሲዘጋ የማየው ሌላ ነው። ግቢው አንድ ነው፤ ሽንት ቤቱን ከሁለት ቤት ጋር እንጋራለን። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል። እኔ በታክሲ ሥራ እሄዳለሁ፤ ካልሄድኩ የምትበላውን ከየት አመጣለሁ? ‹ለብቻዋ ክፍል ስጫት› ስትለኝ የትኛውን ክፍል እንደሆነ አልጠየቅከኝም።»

«ልክ ነሽ» አለ። ሌላ አልጨመረም።

ወንድሟ የነገራት ምክር በአብዛኛው ትርፍ መኝታ ክፍል ባለበት አገር የተጻፈ ነው። በኢትዮጵያ ዕድሜው ከ65 ዓመት በላይ የሆነው ሕዝብ ከመቶ አራት እንኳ አይሞላም፤ ያም የሚኖረው ከልጅና ከልጅ ልጅ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። እንደ መቄዶንያ ያሉ መጠለያዎች ለወደቀው አረጋዊ ደርሰዋል እንጂ የቤተሰብን ቦታ የሚተኩ አይደሉም። ስለዚህ ልጅቱ ከቤቷ ልክ የሚገጥም ነገር መፍጠር ነበረባት። ልጆቹን ሳሎን አስተኝታ ጓዳዋን ለእናቷ ለቀቀች። ለእሳቸው የብቻ ስኒ፣ የብቻ ሳህን ለየች። በር ላይ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካንና ሳሙና አኖረች። ከሥራ ስትመለስ ልብሷን ደጅ ለውጣ ነው የምትገባው። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ መጨባበጥ ሲከለከል፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል፣ ታክሲ በግማሽ ሰው በእጥፍ ዋጋ ሲጭን፣ እሷ ግማሹን መንገድ በእግሯ ሄደችው።

«የፋሲካ ዕለት ግን አለቀስኩ» አሉ እናት። ሚያዝያ 11 ነበር። «ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ሰማሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ለፋሲካ ከቤት ቀርቼ አላውቅም። ጉርሻም የለም። ይቺ ልጅ እንጀራዬን ለብቻ አቅርባልኝ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።»

«ቆሜ የማይሽ እንድትበዪ ነው።»

«ያጎረሰኝ ሰው ሳይኖር እንዴት ይበላል?»

ሲስተር ሳቅ አለችና ወደ መድኃኒቱ ነገር ገባች። ከቫይረሱ በፊት ሌላ ነገር ይገድላል ብላ የፈራችው እሱን ነው። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ዋጋቸው ሰማይ በነካበት በዚያ መጋቢት ፌጦ፣ ዝንጅብልና ጤና አዳም በየቤቱ ይቀጠቀጥ ነበር። እሱስ ጉዳቱ ኪስ ላይ ነው። ትልቁ አደጋ አረጋውያኑ ሐኪም ቤት መሄድ ፈርተው የስኳርና የደም ግፊት ክኒናቸውን ማቋረጣቸው ነበር። «አንዳንዱማ ኢናላፕሪል ኮሮናን ያባብሳል የሚል ወሬ ሰምቶ ነው የጣለው። የልብ ሐኪሞች ማኅበራት ወዲያው ‹አታቋርጡ› ብለዋል፤ ወሬው ግን ቀድሞ ደርሷል። እማማን ያየሁት ቀን መጀመሪያ የጠየቅኩት ሳል አለዎት ወይ አይደለም፤ ክኒንዎ ስንት ቀረ ነው።»

«አራት ፍሬ ነበር የቀረኝ» አሉ እናት።

ከዚያ በኋላ ነርሷ ካርዳቸውን ይዛ እየሄደች ታመጣላቸው ጀመር። ጎረቤት ለጎረቤት ያደረገው እንዲህ ያለው ነገር በማንም ሪፖርት ላይ አልተጻፈም፤ የብዙ አረጋዊ ነፍስ የቆመው ግን በዚህ ላይ ነበር።

ሐምሌ ላይ እናት ታመሙ። አታማመማቸውን ሲስተር ለሰው ሁሉ ትናገረዋለች። «ሽማግሌ ሲታመም መጽሐፉ እንደሚለው አይታመምም። ትኩሳት ላይኖረው ይችላል፣ ሳልም ላይኖረው ይችላል። ይልቅ ነገር ይደጋግማል፣ ምግብ ይገፋል፣ ይወድቃል፣ ቀኑን ሙሉ ይተኛል። ሰው ‹ዕድሜ ነው› ብሎ ያልፈዋል።»

«እኔም አልፌው ነበር» አለች ልጅቱ። «‹ዛሬ ቅዳሜ ነው?› ብላ ጠየቀችኝ፤ ማክሰኞ ነው አልኳት። ጥቂት ቆይታ ደግማ ቅዳሜ ነው አለችኝ። ሽሮዋን አልነካችም። ለጋሼ ደወልኩ፤ ትኩሳት ካላት ጠየቀኝ። የላትም። ‹በይ ትተኛ› አለኝ።»

ልጁ አንገቱን ደፋ። «ከሠራሁት ስህተት ይሄኛው ነው ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ። በየቀኑ ከሽማግሌ ጋር የምውል ሰው ነኝ።»

ያዳናቸው ልጅቱ ያንኑ ማታ ጎረቤት ማንኳኳቷ ነው። ሲስተር በጣት የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ ይዛ መጣች። 91 አለ። ጤነኛ ሰው ከ95 በላይ ነው፤ ከ90 ከወረደ ነገሩ ጸንቷል። በማግስቱ ወደ ሕክምና ማዕከል ተወሰዱ። «እና ያን መሣሪያ ስትይዙ ይሄን እወቁ» አለች ነርሷ፤ «በታኅሣሥ 2013 አሜሪካ የወጣ ጥናት አለ። የኦክስጅን መውረድን ሳያሳይ የሚያልፍበት ጊዜ በጥቁር ታማሚ ላይ ከነጩ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። የእኛ ቆዳ ላይ ቁጥሩን አሳምሮ ሊያሳይ ይችላል። የቀዘቀዘ ጣትም ያታልለዋል። ትናንት ስንት ነበር፣ ዛሬ ስንት ሆነ የሚለውን ነው ማየት፤ ከቁጥሩም በላይ ሰውየውን።»

ዴክሳሜታሶንም ያኔ ነው የተሰጣቸው። ርካሽና አሮጌ መድኃኒት መሆኑ ብዙ ሰው ላይ ተስፋ አሳድሮ ነበር፤ ሰኔ ላይ እንግሊዝ አገር ይፋ የሆነው ሙከራ ኦክስጅን ከሚወስዱ ታማሚዎች መካከል ሞትን በአንድ አምስተኛ፣ በመተንፈሻ መሣሪያ ካሉት ደግሞ በአንድ ሦስተኛ እንደሚቀንስ አሳየ። ኦክስጅን ለማያስፈልገው ግን አልጠቀመም። «ይቺን ሳይሰሙ ከፋርማሲ ገዝተው ለእናታቸው ቤት የሰጡ አሉ» አለች ሲስተር። «ስኳር ላለባት ሴት! ስኳሩን ሽቅብ ነው የሚሰደው። እማማ ሆስፒታል ሆነው ሲወስዱት ስኳራቸው በየቀኑ ይለካ ነበር።»

«እኔን ‹ሽማግሌ ነሽ፣ አትተርፊም› ያለኝ ሰው የለም» አሉ እናት። «ግን ፊታቸው ላይ አየዋለሁ።»

ነርሷ ይህን አመለካከት ትጠላዋለች። በሰኔ 2012 አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት ምርመራ ቫይረሱ የተገኘባቸው፣ ቤተሰባቸው 114 ዓመታቸው ነው ያለላቸው አንድ አባት ኦክስጅን ተሰጥቷቸው፣ ድነው ወደ ቤታቸው መመለሳቸውን በዓለም መገናኛ ብዙኃን ጭምር ሰምተናል። የዕድሜያቸውን ቁጥር በሰነድ ማረጋገጥ ከባድ ነው። አልጋ አልተነፈጉም፤ ዋናው ይህ ነው።

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ የመጣውን ማንም አላሰበውም ነበር። ሳንባቸው ዳነ፤ እግራቸው ከዳቸው። ልጅቱ ከፍቅሯ ብዛት «አትነሺ፣ እኔ አለሁ» ትላለች። ውኃውን ታቀርባለች፣ ጫማውን ታወልቃለች፣ ፖፖ ሳይቀር ታመጣለች። ሁለት ሳምንት ሲያልፍ እናት ያለ ድጋፍ መቆም አቃታቸው።

«እሷን ተቆጣኋት» አለች ሲስተር። «በዚህ ዕድሜ ዐሥር ቀን የተኛ ሰው የሚያጣው ጡንቻ በቀላሉ አይመለስም። ‹እስከ ጀሪካኑ ሄደው ይታጠቡ፣ ይመለሱ፤ ነገ ሁለቴ› አልኳቸው። ምስር ይልቀሙ። እንዝርታቸውን ስጧቸው።»

«እንዝርቴን ያስመለሰችልኝ እሷ ናት» አሉ እናት፤ ድምፃቸው ውስጥ ዛሬም ደስታው አለ። «የፈተልኩት ጥጥ ለዚህች ልጅ ሴት ልጅ ነጠላ ሆነ።»

ሌላም ሥራ አገኙ። ስልክ። የማርያም ማኅበርተኞቻቸውን ቁጥር በቃላቸው ያውቁታል፤ በየማለዳው ሻይ ከጠጡ በኋላ በተራ ይደውላሉ። «እንዴት አደርሽ፣ ምን በላሽ፣ ክኒን አለሽ?» ስልክ ያላነሳውን ለልጃቸው ይነግሯታል፤ እሷ ከሥራ ስትመለስ በዚያ በኩል ዞራ ታልፋለች። የአንድ አዛውንት ኢንሱሊን ማለቁ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ብቻቸውን ለሚኖሩ አንዲት እናት ሽሮና ዘይት በአጥር በኩል ይገባ የነበረውም እንዲሁ። የቤቱ ሰው ሁሉ ተጠባቂ ያደረጋቸው ሴት ለዐሥራ አንድ ቤት ጠባቂ ሆነው ከረሙ። ስለ አረጋውያን ድጋፍ ሲወራ ይህ ይዘለላል፤ ሰው አሮጊቷን ተቀባይ ብቻ አድርጎ ያያታል። እናቲቱ ግን ከመድኃኒቱ እኩል ያቆማቸው ስልኩ ነው ይላሉ።

«ከነዚያ ስልኮች አንዱን ብቻ ነበር የከለከላችሁኝ» አሉ፤ ይህን ሲሉ ወደ ልጃቸው እንጂ ወደ ልጅቱ አላዩም።

ሁለቱ ወንድምና እህት ተያዩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናት ሆስፒታል ተኝተው ሳለ የአርባ ዓመት ማኅበርተኛቸው አረፉ። ቀብሩን ጥቂት ሰው ፈጸመው፤ እድሩ ድንኳን አልጣለም። እናት ሲወጡ እንዳይነገራቸው ያለው ከሜሪላንድ ልጁ ነበር። በኋላም «ትንሽ ትበርታ» ተባለ። ጠያቂ በሽተኛ ዘንድ ሲገባ ፊቱን አሳምሮ መርዶ መሸሸግ በአገራችን የኖረ ነው፤ ክፋት የለበትም። ችግሩ ውሸቱ በአንድ ቀን አለማለቁ ነው። እናት «ስልኳ ለምን አይነሳም?» ሲሉ «ልጇ ጋር ሄዳለች» ተባለ። «ሰላም በይልኝ» ሲሉ «እሷም ሰላም ብላሻለች» ተባለ።

ኅዳር 21፣ የጽዮን ማርያም ዕለት፣ እናት በልጅ ልጃቸው እጅ ለማኅበርተኛቸው ዳቦ ላኩ። ትንሹ ልጅ ዳቦውን እንደያዘ ተመለሰ። ማንም አልነገረውም ነበርና ያየውን አወራ፦ «ሴትዮዋ እኮ ሞተዋል፤ ፎቷቸው ግድግዳው ላይ አበባ ተደርጎበታል።»

«አራት ወር» አሉ እናት። «አራት ወር ከሞተች ሰው ሰላምታ አመጣሽልኝ።»

«እማዬ፣ ሁለት እርምጃ ሄደሽ የምትቀመጪበት ጊዜ ነበር። ልብሽ ቢቆምስ? እንቅልፍ የነበረኝ መሰለሽ?»

«አውቃለሁ ልጄ። አንቺን አልተቀየምኩም። ግን እኔ ባሌን ቀብሬያለሁ፣ ሁለት ልጅ ቀብሬያለሁ። ሐዘን እንዴት እንደሚያዝ በዚህ ቤት ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እሷን ሳላለቅስላት አርባዋም ሰማንያዋም አለፈ። በሽታው ያልወሰደብኝን እናንተ ወሰዳችሁብኝ።»

ሲስተር በዚያ ዓመት ለስንት ቤተሰብ በስልክ መርዶ እንደነገረች አልቆጠረችም። ወጉ ማለዳ ነው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የነፍስ አባት ቀድመው፣ ሰውየው ከመኝታው ሳይነሳ። ያ ሁሉ ባይቻልም ትንሹ ይቻል ነበር ትላለች። «ሦስት ሰው፣ ግቢ ውስጥ፣ ራቅ ራቅ ብሎ። አንድ ቄስ። እኔ የደም ግፊት መለኪያዬን ይዤ አጠገባቸው። የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ይሄን እል ነበር። እኔም ግን ሳልጠየቅ አልተናገርኩም።»

በወረርሽኙ ጊዜ በዚህ ቤት ከተሠራው ስህተት ሁሉ ይህኛው ይለያል። ክፍሉን መለየቱ፣ ጀሪካኑ፣ የተከለከለው ቡና፣ የፋሲካው ብቸኝነት ምክንያት ነበራቸው፤ እናትም ተቀብለዋቸዋል። መርዶው ላይ ግን የተወሰነው ስለ እሳቸው እንጂ ከእሳቸው ጋር አልነበረም።

የክትባቱ ነገር በተቃራኒው ሆነ። የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን አስትራዜኔካ የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ መርፌው በይፋ የተጀመረው በኤካ ኮተቤ፣ መጋቢት 4 ቀን፣ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ ልክ በዓመቱ ነው። ልጁ ከሜሪላንድ ቪዲዮ በቪዲዮ ላይ ላከ። እናት አንዱንም አላዩትም። ሲስተርን አስጠርተው «አንቺ ተወግተሻል?» አሏት። ክንዷን አሳየቻቸው። «አመመሽ?» «አንድ ቀን አተኮሰኝ።» «በይ ተራዬ ሲደርስ ውሰጂኝ» አሉ፤ በቃ።

ሦስተኛው ቡና ቀረበ። ልጁ በረካውን ጠጥቶ ስኒውን እንደያዘ ቀረ።

«የማኅበርተኛሽ ልጆች አሁንም እዚያው ቤት ናቸው?» አለ።

«ትልቋ አለች።»

«እኔ ለቅሶ አልደረስኳትም።»

«አልደረስክም» አሉ እናት። «አሁን ሂድ። አብሬህ እሄዳለሁ፤ ብቻህን ብትገባ አታውቅህም።»

ልጅቱ ነጠላቸውን ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች። ልጁ ሲነሳ ያችው ሳል ያዘችው። ሲስተር ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ማስክ አወጣችና አቀበለችው። «የትልቋ ሳሎን ጠባብ ነው። የሰማንያ ስምንት ዓመት አማቷ እዚያው ናቸው» አለችው።

ተቀብሎ አደረገ። እናት ቀና ብለው አዩትና አፍንጫው ላይ ከፍ አደረጉለት።